የዲን ቤቱ ወተት

አባቴን ከሲኦል ለማውጣት የተነሣሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሥራው ቀላል አልነበረም። አባቴ ቁመቱ ረጅም፣ ግትርነቱ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነበር፤ እኔም የማንም ልጅ አይደለሁም፣ የእርሱ ነኝ። ዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ሞልቶኛል። ከዚህ ውስጥ ሠላሳ አምስቱን እዚሁ ሶዶ ኬሚስትሪ ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ተማሪዎቼ "ቲቸር አሳየሽ አንዴ ከያዘች አትለቅም" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ያን ጊዜም የያዝኩትን አልለቀቅኩም። የያዝኩት ነገር ስህተት ነበር እንጂ።

ሲኦል የት እንዳለች አውቅ ነበር። ከቤታችን ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ቁልቁል ወረድ ብሎ የአቶ ወልደመስቀል የዝንጅብል ቤት ነበረ። አቶ ወልደመስቀል አያታቸው ከሰሜን ከሹም ጋር የመጡ፣ መሬትም ሚዛንም ያላቸው ነጋዴ ነበሩ። ከቦሎሶና ከቤሌ በኩል በአህያ ተጭኖ የሚመጣውን ዝንጅብል ይገዛሉ። ሴቶች ይፍቁታል፣ ያጥቡታል። አዲስ አበባ ያለው ገዢ ነጭ ዝንጅብል ስለሚወድ ደግሞ፣ መስኮት በሌለው ክፍል በቆጥ ላይ ተደርድሮ ሌሊቱን የዲን ጭስ ሲታጠን ያድራል። ዲን ቢጫ ድንጋይ ነው። ሲነድ ነበልባሉ ሰማያዊ ነው፤ ጭሱ አፍንጫ ይወጋል፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮ ያንቃል። ጠዋት ክፍሉ ሲከፈት ጭሱ በጭስ ማውጫው ይወጣና፣ የዳሞታ ተራራ ብርድ ገና ስለማይለቅ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ እኛ ሰፈር ላይ ይተኛል።

ዲኑን የሚያነደው አባቴ ኤርካሎ ነበር።

እሁድ እሁድ በጸሎት ቤታችን ጋሽ ዳና ይሰብካሉ። ጋሽ ዳና ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ በዕድሜያቸው አንድ ውሸት እንዳልወጣቸው አገር የሚመሰክርላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ያን ዓመት ስለ ፍርድ ቀን ሰበኩ። ኃጢአተኛ ስለሚጣልበት የእሳትና የዲን ባሕር ሲናገሩ ሕዝቡ ሁሉ ወደ እርሳቸው አፍጥጦ ያዳምጣል። እኔ ዞር ብዬ አባቴን አየሁት። የእሁድ ሸሚዙ ሳይቀር ዲን ዲን ይሸታል። ጋሽ ዳና ስለ ሩቅ አገር የሚያወሩ መስሏቸው ነበር፤ እኔ ግን መንገዱን አውቀዋለሁ፣ በየቀኑ ምሳ የማደርሰው እኔ ነኝ።

ቤታችን አራት ነበርን፤ አባቴ፣ እናቴ ቦሼ፣ እኔና ሁለት ዓመት የሞላው ወንድሜ ቶማ። ጭሱ የተኛ ጠዋት የቶማ ደረት ያፏጫል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። እናቴ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና በዳሞታ አቀበት ሽቅብ ትሮጣለች፤ ከፍ ሲሉ አየሩ ንጹሕ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሁለት ጊዜ "አለቀ" ተብሎ ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። ከጓሮ ያለው እንሰታችንም፣ እኛ ኡታ የምንለው፣ ቅጠሉ በጭሱ ከጫፉ ጀምሮ ያርር ነበር። ታዲያ አባትሽ ሥራውን ለምን አይተውም ትሉኝ ይሆናል። ቤታችንም ጓሯችንም የቆሙት በአቶ ወልደመስቀል መሬት ላይ ነው። ሥራውን የተወ ቤቱንም ይተዋል።

ከኅዳር አጋማሽ ወዲህ ግን ነገር ተለወጠ። ጠዋት ጭስ ይወጣል፣ ነጭ ነው፣ ግን አይቆነጥጥም። ቶማ ሳያፏጭ አደረ። በሁለተኛውም ቀን ሳያፏጭ አደረ። ምክንያቱን አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ ሦስት ቀን ቁርሴን ትቼ ጸልዬለታለሁ። ለጓደኞቼ ሁሉ ጸሎቴ ተሰማ እያልኩ አወራሁ። የዚያን ጊዜ ትዕቢቴ አይነሣ።

በዚያው ሰሞን ቤታችን ውስጥ ምስጢር ገባ። አባቴ በማገዶ ሸክም ሥር ሸፍኖ ሦስት ጆንያ አመጣ፤ ጆንያዎቹ አልጋ ሥር ገቡ። በጓዳው ጥግ አንድ ትልቅ እንስራ ቆመ፣ አፉ በእንሰት ቅጠል የታሰረ። የእናቴ እጅ መሰነጣጠቅ ጀመረ። ላማችን ከደረቀች ወር አልፏታል፤ ቶማ ወተት እያለ ሲያለቅስ እናቴ "የለም ልጄ" ትለዋለች። አንድ ቀን ቅጠሉን ገለጥ አድርጌ አየሁ። እንስራው እስከ አፉ ድረስ ነጭ ነበር።

እናቴ ከኋላዬ መጥታ እጄን በጥፊ አለችኝ። "ዓይንሽን ነው የሚያጠፋው። ሁለተኛ እንዳትነኪው። ለማንም ደግሞ ትንፍሽ እንዳትዪ።"

ማታ ቆጮአችንን በዳጣ እየበላን አባቴና እናቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ጆሮዬን ጣልኩ።

"ዛሬ እንስራውን ሙሉ ጨረሰው" አለ አባቴ።

"በቃኝ አይልም እንዴ?"

"አይልም። ከሰጠነው ዝም ይላል። ካልሰጠነው ልጁን ይዞብን ይሄዳል።"

ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩ።

የደነገጥኩበትን ምክንያት የአገሬ ሰው ያውቀዋል። በእኛ ዘንድ ሰው ወደ ጸሎት ቤት ከመምጣቱ በፊት ለዛፍ ሥር፣ ለቤት ምሰሶ ወተትና ማር ማፍሰስ የአባት ወግ ነበር። አያቴም ያፈስ ነበር። ያመነ ሰው ያን ትቶ ነው የሚመጣው። ተመልሶ ከተገኘ "አፈሰሰ" ይባላል፤ በእኛ ሰፈር ከዚያ የከፋ ስም አልነበረም። ሌባ እንኳ ከዚያ ይሻላል።

ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ አባቴን ተከተልኩት። እንስራውን በትከሻው ተሸክሞ ወረደ። በዲን ክፍሉና በጭስ ማውጫው መካከል ሁለት በርሜል አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ ቆሟል። አባቴ ከጭስ ማውጫው ሥር ትንሽ እሳት አነደደ። ከዚያ መሰላሉን ወጣና በቅል እየቀዳ ነጩን በበርሜሉ አናት ላይ ያፈስ ጀመር። ያፈስሳል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያጉተመትማል፤ ደግሞ ያፈስሳል፣ ደግሞ ያጉተመትማል። ከውስጥ እሽሽ የሚል ድምፅ ይሰማል። ዲን፣ እሳት፣ ወተት፣ ድግምት። ምን ቀረ? ለወንድሜ የተነፈገውን ወተት አባቴ ለሰይጣን ሲያጠጣ በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዝርዝሩን እናቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው የነገረችኝ። በጥቅምት መጨረሻ ሹም ሊጎበኝ ይመጣል ተብሎ አቶ ወልደመስቀል የዲን ክፍሉን ከውስጥ ኖራ አስቀብተው ነበር። በማግስቱ ሲከፈት ዝንጅብሉ እንደገባ ወጣ፣ ጭራሽ አልነጣም። አቶ ወልደመስቀል ዲኑን ሰርቀሃል ብለው አባቴን ሊገርፉት ደረሱ። አባቴ በዓይናቸው ፊት ደግሞ አነደደ፤ አሁንም እምቢ አለ። ኖራው መሆኑ ሲገባቸው "ፍቃችሁ ጣሉ፤ ከዛሬ ጀምሮ ኖራ የሚባል ነገር በዚህ ግቢ ባይ የያዘውን ሰው ከመሬቴ ነው የማስነሣው" አሉ። የተረፈውን ሦስት ጆንያ ወንዝ እንዲጥል ለአባቴ ሰጡት። ሌላው ሰው ሁሉ የተበላሸ ዝንጅብል ነበር ያየው። አባቴ ያየው ግን በዚያ ጠዋት በሩ ሲከፈት ማንም እንዳልሳለ ነው። ኖራው የዲኑን ጭስ በልቶታል ማለት ነው። ዝንጅብሉን ካጠነ በኋላ፣ በመውጫው ላይ ቢበላውስ? ኖራውን ይዞ ቤቱ ገባ።

የበርሜሎቹን ቂጥ አውጥቶ ገል ሞላባቸው፤ የሸክላ ሠሪዎቹን ስባሪ ሁሉ ለቅሞ። ጭሱ ከሥር ገብቶ በእርጥቡ ገል መካከል እየተሹለከለከ ይወጣል፤ የኖራው ውሃ ከላይ እየተንጠባጠበ ይገናኘዋል። የራሰ ጭስ ሰነፍ ነው፣ አይወጣም፤ ስለዚህ ጭስ ማውጫው ሥር ያለችው ትንሽ እሳት ወደ ላይ ትስበዋለች። ማጉተምተሙ ቆጠራ ነበር፤ እስከ አሥር ይቆጥርና አንድ ቅል ያፈስሳል። አቶ ወልደመስቀል በርሜሎቹ ምንድን ናቸው ሲሉት "ጌታዬ፣ ጭስ ማውጫው እንዳትወድቅ ደግፋታል" አላቸው። አባቴ አማርኛ ሲናገር ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ማድረግ ልማዱ ነው፤ እርሳቸውም ስቀውበት አለፉ። ዛሬ ትልልቅ ፋብሪካዎች ይህንኑ በመሐንዲስና በብዙ ብረት ያደርጉታል። እኔም ለተማሪዎቼ ሳስተምር ሁልጊዜ ከገሉ ነው የምጀምረው።

ያኔ ግን ይህን ማን ይንገረኝ? ከዲን ቤቱ በቀጥታ ጋሽ ዳና ዘንድ ሄድኩ። ጓሯቸውን ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ያየሽውን ነው ወይስ ያሰብሽውን ነው የምትነግሪኝ?" አሉ።

"ያየሁትን ነው ጋሽ ዳና።"

"ወተት ነው?"

"ወተት ነው።"

ዶማቸውን አስቀምጠው መሬት ላይ ተቀመጡ። አባቴን ይወዱታል፤ ያጠመቁት እርሳቸው ናቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እኔም ደስ አለኝ፣ አባቴ መዳኑ ነው ብዬ።

በእሁዱ ከጸሎት በኋላ ተነሥተው ቆሙ። "ወንድም ኤርካሎ፣ ከዲን ቤቱ ጭስ ማውጫ ዘንድ ታፈስሳለህ ተብሏል። አፍስሰሃል ወይስ አላፈሰስክም?"

አባቴ ተነሣ። ወደ ሦስተኛው ወንበር አየት አደረገ፤ እዚያ የአቶ ወልደመስቀል ሚዛን ያዥ ማሞ ተቀምጧል። ከዚያ ጣራውን አየ።

"አፍስሻለሁ" አለ።

"ታቆማለህ?"

"ዝንጅብሉ እስኪያልቅ አላቆምም።"

ጋሽ ዳና ድምፃቸው እየተሰበረ አባቴ ከጌታ እራት መታገዱን ተናገሩ። ጽዋው በሰው እጅ እያለፈ ወደ እኛ ወንበር ሲደርስ አባቴ ሳይጠጣ ለጎረቤቱ አሳለፈ። እናቴ እጄን እስኪያመኝ ድረስ ጨምቃ ይዛ ነበር። እፍረት መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው አፏን ለመዝጋት ነው።

ለብቻቸው እንኳ ለምን አልነገርካቸውም ብዬ ካረጀ በኋላ ጠይቄው ነበር። "ጋሽ ዳና ውሸት አይችሉም" አለኝ። "ባለመሬቱ ጠርቶ ቢጠይቃቸው እውነቱን ይነግሩታል። ውሸት የማይችል ሰው ላይ ምስጢር መጣል ግፍ ነው።" ማሞ በማግስቱ "ኤርካሎ ለጭሱ ወተት ያፈሳል" ብሎ ለአቶ ወልደመስቀል አደረሰላቸው፤ እርሳቸው ከት ብለው ሳቁ፣ በዚያው ተዉት። የኔ ወሬ አባቴን አዋረደው፣ ሥራውን ግን ሸፈነለት። እንዲህም ያለ ጉድ አለ።

እኔ ግን አልተኛሁም። መታገድ አባቴን ካልመለሰው የቀረሁት እኔ ነኝ አልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አሰብኩበት። እንስራውን ብሰብረው ሌላ ያመጣል። ስለዚህ ሰይጣንን ራሱን ማታለል አለብኝ። እናቴ ለእንግዳ ብላ ያስቀመጠችው ቡላ ነበር፣ ከእንሰት የሚወጣው ነጭ ዱቄት። በውሃ ሲበጠበጥ ከወተት አይለይም። አንድ ሐሙስ እናቴ ገበያ ስትወርድ እንስራውን እየጎተትኩ ወስጄ ቦይ ውስጥ ደፋሁት፤ በቡላና በውሃ ሞልቼ ቅጠሉን እንደነበረ አሰርኩት። ሐሳቤ ቀላል ነው። ሰይጣን ወተት ጠብቆ ቡላ ሲያገኝ ይቆጣል፤ ሲቆጣ አባቴን ያባርረዋል፤ ሲያባርረው አባቴ ይድናል። ዛሬም ቢሆን በአመክንዮው ላይ ስህተት አላገኝበትም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አባቴ እንስራውን ተሸክሞ ወረደ። እኔ ድሌን ላይ ደጅ ላይ ተቀመጥኩ።

ጭሱ መጣ። ነጭ ነው፣ እንደ ወትሮው፤ ግን ገና አጥሩን ሳያልፍ አፍንጫዬን ወጋኝ። ዓይኔ ተጨፈነ። ከቤት ውስጥ ቶማ አንድ ጊዜ ሳለ፣ ሁለተኛ ሳለ፣ ከዚያ መሳሉን አቆመና ማፏጨት ጀመረ። እናቴ ይዛው ስትወጣ ፊቱን አየሁት። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ዓይኑ እኔን እያየ እኔን አያይም። እናቴ አንድም ቃል ሳትናገር እርጥብ ነጠላ ጥላበት አቀበቱን ሮጠች።

ያኔ ገባኝ። የገባኝም በራሴ መንገድ ነው። ካልሰጠነው ልጁን ይዞብን ይሄዳል ብሎ አልነበር? ሰይጣን ቡላውን ቀምሷል፤ ሊወስደውም መጥቷል።

ቁልቁል በረርኩ። አባቴ መሰላሉ ላይ ሆኖ ጣቱን እንስራው ውስጥ ነክሮ ወደ ምላሱ ሲወስድ ደረስኩ። ቀመሰውና ቀና ብሎ አየኝ።

"አሳየሽ፣ ነጩን የት አደረግሽው?"

"ደፋሁት።"

ይመታኛል ብዬ ቆምኩ። አልመታኝም፤ ጊዜም አልነበረውም። ከመሰላሉ ዘሎ ወረደና የክፍሉን የጭስ ቀዳዳ በሳንቃ ደፍኖ በጀርባው ተደገፈው። ጭሱ በሳንቃው ጠርዝ እየሾለከ ፊቱን ይለበልበዋል። "አልጋ ሥር ግማሽ ጆንያ ቀርቷል። በባልዲ አምጪ። ዓይንሽን ጠብቂ። እኔ ይህን ከለቀቅኩ ያለው ሁሉ ባንድ ጊዜ ነው የሚወጣው" አለኝ እየሳለ።

ሮጥኩ፣ አመጣሁ። ባልዲው ላይ ውሃ ጨምሬ በእንጨት አማሰልኩት፤ ነጭ ሆነ፤ የሰይጣን ወተት ከዱቄት ነው የሚበጠበጠው ማለት ነው አልኩ። "ውጪ" አለኝ። "እኔ ሳንቃውን ቀስ እያልኩ እከፍታለሁ። አሥር ስቆጥር አንድ ቅል፣ አሥር ስቆጥር አንድ ቅል። አትቁሚ።"

መሰላሉን ወጣሁ። የበርሜሉ አፍ ከፊቴ ነው፤ ከውስጡ ትኩስ የዲን ትንፋሽ ይወጣል። ጋሽ ዳና ትዝ አሉኝ። የእሳትና የዲን ባሕር ትዝ አለኝ። አባቴ ከታች "አሥር" አለ፤ ቅሉን እንደያዝኩ ቆምኩ። የማደርገውን አውቅ ነበር፤ ልጅ ናት አታውቅም አትበሉኝ። አሁን ካፈሰስኩ ከአባቴ ጋር ወደዚያ ባሕር ነው የምገባው። ካላፈሰስኩ ቶማ ይሞታል።

ይሁን አልኩ በልቤ። ቶማ ይተንፍስ፣ እኔ ልግባ።

አፈሰስኩ። እሽሽ አለ። አባቴ ቆጠረ፣ አፈሰስኩ። ባልዲው ሲያልቅ ወርጄ ሌላ በጠበጥኩ፣ ወጥቼ አፈሰስኩ። እጄ ተላጠ፣ ዓይኔ አበጠ፤ ከመሰላሉ ግን አልወረድኩም። ፀሐይ ዳሞታን ስትለቅ ጭስ ማውጫው አናት ላይ ያለው ነጭ መውጋቱን ትቶ ነበር።

አቶ ወልደመስቀል የነጠላቸውን ጫፍ በአፍንጫቸው ላይ ይዘው ግቢው ውስጥ ገቡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ እታፈራሁ በጭሱ ታፍነው ሰው ደግፎ አውጥቷቸዋል። "ምን ነካው ይህ ጭስ ዛሬ? ሁለት ወር ሊሞላው ነው ደህና ከሆነ" እያሉ መጡና ባልዲውን አዩ። ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

"ኖራ" አሉ።

"ኖራ ነች ጌታዬ" አለ አባቴ። ሳንቃውን እንደያዘ ነው፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል። "ሁለት ወር እዚህ ነበረች። ዝንጅብሉ ቡናማ ሆነብዎት? የነካችው የሚወጣውን ጭስ ብቻ ነው። ዛሬ ጠፋች፤ እትዬ እታፈራሁን አዩአቸው። የኔን ልጅም ይዩት። ከፈለጉ አሁኑኑ ከመሬትዎ ያስነሡኝ።"

አቶ ወልደመስቀል ብዙ ነገር ናቸው፣ ሞኝ ግን አይደሉም። በርሜሉን ዞሩት፣ ገሉን ነካ ነካ አደረጉ፣ ወደ ቤታቸው አቅጣጫ አዩ። "ኖራ ስንት ጆንያ ይበቃል ለዓመት?" አሉ። ከዚያ በኋላ ለመጣው እንግዳ ሁሉ "ይህ የኔ ማሽን ነው፤ አስቤ ያሠራሁት" እያሉ ያስጎበኙት ነበር። አባቴ አጠገባቸው ቆሞ "እርሷ ናት" ይል ነበር።

እናቴ ቶማን እኩለ ቀን ላይ ይዛው ተመለሰች። ተኝቷል፤ ደረቱ ይወጣል፣ ይወርዳል። ነክቼ አረጋገጥኩ።

ጋሽ ዳና ነገሩን እንደሰሙ ራሳቸው መጥተው መሰላሉን ወጡ፤ በርሜሉ ላይ አፍንጫቸውን ደቅነው ለረጅም ጊዜ ቆዩ። በእሁዱ ተነሥተው በሕዝቡ ፊት አባቴን ይቅርታ ጠየቁ፤ ጽዋውንም በራሳቸው እጅ ሰጡት። አባቴ ዳነ። እኔ ቀረሁ።

ነጩ ኖራ መሆኑን በዚያው ሳምንት ሰማሁ፤ ደንቆሮ አልነበርኩም። ግን ምን ይጠቅመኛል? አባቴ ኖራ ብሎ ነው ያፈሰሰው። እኔ ወተት ብዬ፣ ለሰይጣን ብዬ፣ አውቄ ነው ያፈሰስኩት። እግዚአብሔር የሚያየው ልብን ነው ብለው ያስተማሩኝ እነርሱ ናቸው። እኩዮቼ ሲጠመቁ ተጠመቅሁ፤ ጽዋው ሲመጣ ግን ለጎረቤቴ አሳልፋለሁ። አንድ ቀን ሆዴን አሞኛል፣ አንድ ቀን ከሰው ተቀያይሜአለሁ፤ ምክንያት አላጣሁም። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤቶች ሲዘጉ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ በልቤ ጽዋ ከማሳለፍ ተገላገልኩ ብያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ማሰቤን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በ1984 ዓ.ም. ጸሎት ቤታችን እንደገና ተከፈተ። አባቴ አርጅቷል፤ ዲኑ ዓይኑን ትንሽ ጎድቶታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጁ ላይ አብረን ተቀምጠን የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም፣ "ያን ጊዜ እንዴት ብለሽ ነው ቡላ ያሰብሽው?" አለኝና ሳቀ። ስለዚያ ቀን ሲያነሣ የመጀመሪያው ነበር። ለጋሽ ዳና የነገርኩት እኔ መሆኔን ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። "በዚያው ቀን ነው ያወቅኩት። 'ተብሏል' ሲሉኝ ከአንቺ ሌላ ማን ሊሆን ነው?" አለ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። "አባዬ፣ መሰላሉ ላይ ሆኜ ሳፈስ፣ ለሰይጣን ነው ብዬ ነው ያፈሰስኩት።"

ሳቁን ተወ። "አውቀሽ?"

"አውቄ። ቶማ ይዳን፣ እኔ ሲኦል ልግባ ብዬ።"

የደከመ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። "ጽዋውን የምታሳልፊው ለዚህ ነው?"

ያያል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

"እኔ የታገድኩት ሦስት ሳምንት ነው" አለ። "ለዚያም እናትሽ ነበረችልኝ። አንቺ ሠላሳ ዓመት ብቻሽን?"

አለቀስኩ። የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት፣ ተማሪ የሚፈራት መምህርት፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ደጅ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ጎረቤት አየኝ። አባቴ አላባበለኝም። "ሰይጣን ለወንድሟ የሞተችን ልጅ ምን ያደርጋታል? ቤቱን ታፈርስበታለች" አለና ምርኩዙን ይዞ ተነሣ።

በሚቀጥለው እሁድ በአባቴና በቶማ መካከል ተቀመጥኩ። ቶማ ያኔ ሁለት ልጆች ያሉት ሰው ነው፤ ሲዘምር ከመንገድ ማዶ ይሰማል፤ ከፊታችን የተቀመጡ ሴቶች ጆሯቸውን ይዘው ዞር ይላሉ። መዝሙሩን ጨርሶ ደረቱን ሞልቶ ተነፈሰ። ጽዋው በእርሱ በኩል መጣ። ከእኔ አልፎ ለአባቴ ሊሰጠው እጁን ዘረጋ፤ ልማዴን ያውቃል። እጁን ያዝኩት፤ ጽዋውን ተቀብዬ ጠጣሁ።